በረዶ ስር አልጌ? የጅማ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም እዚሁ አምድ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቦታ ተርፋን ነበርና "በሰሜንና በደቡብ ዋልታ ባህሮች በረዶው ስር በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታዩ አልጌዎች (ውሃ ውስጥ እንደ ተክል በብርሃን የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት) ይበቅላሉ፣ እዛ ያለው ዓሣም ፔንግዊንም ዓሣ ነባሪም ዞሮ ዞሮ የሚኖረው በነሱ ነው" ብለን ጣል አርገን አለፍን። ያው ቦታ ለመሙላት ያህል ነበር። ከዛ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ከጅማ የመጣው ጥያቄ ብቻ ከሌላው ከተማ ሁሉ በለጠ፣ ከኮቺ ከሂርማታ ከጅሬን ከአጂፕ፣ አንዷ ፎቶ ልካ ሌላው ተቆጥቶ፣ ስለዚህ የዚህ ወር አምድ ሙሉው ለነሱ ሆኗል። ስለ ኩላሊት ጠጠርና ስለ መንጃ ፈቃድ የጠየቃችሁ ትንሽ ታገሱን፣ አልረሳናችሁም።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እኛ ቤት ጎመን ፍሪጁ ላይኛው ክፍል ውስጥ ተረስቶ ካደረ ሲወጣ ልፍስፍስ ይላል፣ ባዮሎጂ ላይም ውሃ በረዶ ሲሆን ሴሉን ይቀደዋል ተብለን ተምረናል። እነዚህ አልጌዎች ታዲያ እንዴት ነው ማይሞቱት? ወይስ ሲሞቅ ሲሞቅ ብቻ ነው ሚበቅሉት? (ከኮቺ)

መልስ፦ የጎመኑ ነገር ልክ ነህ ወንድሜ። ግን ብዙ ሰው "በረዶ ባህር" ሲባል ሁሉም ነገር ከላይ እስከ ታች ድርቅ ያለ ነው ሚመስለው፣ እንደዛ አይደለም። የባህር ውሃ በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለበት፣ ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ ዜሮ ዲግሪ ላይ አይረጋም፣ ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። በረዶው ሲሰራ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከዛ ወዲያ ላይ አየሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቢሆን እንኳን ከስር ያለው ውሃ እዛችው 1.8 አካባቢ ነው፣ ከዛ በታች ልውረድ ቢል እሱም በረዶ ይሆናላ! ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያለ አልጌ ብርድ ላይ ነው እንጂ እንደ ጎመኑ የሚረጋበት ነገር የለም።

ጉዱ ያለው በረዶው ውስጥ ገብተው የሚኖሩት ጋ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ጨውን አብሮ አያስገባም፣ ንጹህ ውሃው ክሪስታል ይሰራል፣ ጨው ደግሞ ተገፍቶ ተገፍቶ በየመሃሉ ትናንሽ ቀዳዳና ቀጫጭን ቱቦ ውስጥ ይጠራቀማል። የእንጀራን ዓይን አስበው፣ የባህር በረዶም እንደዛ ዓይናም ነው፣ ልዩነቱ የበረዶው ዓይን ውስጥ ያለው አየር ሳይሆን ጥርስ የሚያንገጫግጭ ጨዋማ ውሃ መሆኑ ነው፣ ብዙው ዓይን ደግሞ ያለ ማጉያ አይታይም። ይሄ ውሃ ጨው ስለበዛበት አይረጋም። በረዶው በቀዘቀዘ ቁጥር ዓይኑ እየጠበበ የቀረው ውሃ ደግሞ ጨው እየበዛበት ይሄዳል፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ከተራው ባህር ከአራት እጥፍ በላይ ጨዋማ ነው። የአልጌዎቹ ቤት እዛ ነው። እንዴት ገቡ ካልከኝ፣ ሰሜኑ ባህር በነሱ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ መርጋት ሲጀምር ስስ ስስ ክሪስታሎች ከውሃው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሲወጡ መንገድ ላይ ያገኙትን አልጌ እየጠረጉ ይዘውት ይወጣሉ፣ በቃ ብርዱን ወቅት እዛው ታስሮ ከረመ ማለት ነው።

ስለዚህ ከብርዱ ይልቅ ጨዉ ነው የሚያስቸግረው፣ እኔ እንደሚገባኝ። ጨዋማ ውሃ የሴሉን ውሃ መጦ ያወጣዋል፣ ኦስሞሲስ ተምራችኋል አይደል? አልጌው ለዚህ ፕሮሊንና የመሳሰሉትን ትናንሽ ሞለኪሎች ሴሉ ውስጥ ያከማችና የውጩን ጨው ከውስጥ ሆኖ ያመጣጥነዋል። በዛ ላይ በረዶ ላይ የሚለጠፉ ፕሮቲኖች አሉት፣ እነዚህ ክሪስታሉ ላይ ይጣበቁና እንዳያድግ ይይዙታል። ከስኳር ሰንሰለት የተሰራ ልጋግም ይተፋል፣ ልጋጉ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ ያግዘዋል፣ ሴሉንም ይሸፍነዋል። የሴሉ ሽፋን ራሱ ቶሎ በማይረጋ ቅባት የተሰራ ስለሆነ ብርድ ላይም አይደርቅም። እዚህ ሁሉ ነገር ላይ በጣም ከተጠኑት አንዱ ፍራጂላሪዮፕሲስ ሲሊንድረስ የሚባል ዳያቶም (ቅርፊት ያለው የአልጌ ዓይነት) ነው፣ ስሙ ከሰውነቱ ይረዝማል። ጂኖሙ (የጂኖቹ ሙሉ ስብስብ) ተነቦ በ2017 ሲወጣ (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ከጂኖሙ ሩብ ያህሉ ላይ ሁለቱ የጂን ቅጂዎች በጣም የተለያዩ ሆነው ተገኙ፣ እና አልጌው ጨለማ ሲሆን ወይ ሲበርድ ወይ አይረን ሲያጥረው አንዳንዴ አንደኛውን አንዳንዴ ሌላኛውን ቅጂ ነው አብዝቶ የሚጠቀመው። ይሄ ነገር እኔን ከፕሮቲኑም በላይ ነው የገረመኝ።

"ሲሞቅ ነው ወይ" ላልከው፣ ኧረ አይደለም። እዛው ከዜሮ በታች 1.8 ላይ ይበዛሉ። ቀስ ይላሉ ብቻ፣ እጥፍ ለመሆን አንድ ቀንም የተወሰኑ ቀናትም ሊፈጅባቸው ይችላል። ብርድ ላይ ኢንዛይም ይዘገያል፣ እነሱ ደግሞ ካርቦን የሚይዘውን ሩቢስኮ የሚባለውን ኢንዛይም በብዛት ሰርተው የፍጥነቱን ጉድለት በቁጥር ይሞሉታል። ሙቀት ግን አይችሉም፣ ብዙዎቹ 15 ዲግሪ ላይ መኖር ያቅታቸዋል። የጅማ ቀን ለነሱ ቃጠሎ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሂርማታ ቡና ንግድ ላይ ነኝ። ቡና ጥላ ይወዳል ይባላል እንጂ ጨለማ ላይ ቡና ያፈራ አላየሁም፣ ማንኛውም ተክል እንደዛ ነው። እዛ ዋልታ ደግሞ ስድስት ወር ጨለማ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ያውም በረዶ ተጭኖበት። ይሄ ነገር እንዴት ልክ ይሆናል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ዋናውን የያዙት እርስዎ ነዎት፣ ሰዉ ሁሉ ስለ ብርዱ ነው የሚጠይቀው፣ እነሱን የሚገድባቸው ግን ብርሃን ነው። ብርሃንና ምግብ። ስድስት ወር ሙሉ ፀሐይ የማትታየው እዛ ጫፏ ላይ ብቻ ነው፣ ወደ እኛ ዝቅ ሲባል ጨለማው ያጥራል፣ ስቫልባርድ የሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች ላይ ፀሐይ ወደ አራት ወር ገደማ አትወጣም። እኛ ጅማ ላይ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን ልዩነታቸው አንድ ሰዓት ስለማይሞላ ይሄን ማሰብ ይከብደናል፣ አይፈረድብንም።

በጨለማው ጊዜ አይበቅሉም፣ በሕይወት ይቆያሉ ነው ሚባለው። ሥራቸውን ሁሉ ዝቅ ያረጋሉ፣ ያጠራቀሙትን ቅባት ቀስ እያሉ ያቃጥላሉ፣ አንዳንዶቹ ወፍራም ቅርፊት ያለው የእንቅልፍ ሴል ሰርተው ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ ጭራ ካላቸው ጥቃቅኖች ውስጥ ደግሞ ፎቶሲንተሲስ (በብርሃን ምግብ መስራት) ሲያቅታቸው ባክቴሪያ የሚበሉ አሉ፣ ግማሽ ተክል ግማሽ እንስሳ በሉት። ብርሃን ሲመለስ ታዲያ ማን ቀሰቀሳቸው እስኪባል ቶሎ ነው ሚነሱት።

ስንት ብርሃን ይበቃቸዋል ለሚለው፣ በ2019 መከር ላይ ፖላርስተርን የሚባል የጀርመን የምርምር መርከብ ሆን ተብሎ ሰሜን ዋልታ ባህር በረዶ ውስጥ እንዲታሰር ተደረገ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ከበረዶው ጋር አንድ ዓመት ያህል ተንሳፈፈ፣ ሞዛይክ ነበር የጉዞው ስም። ሰዎቹ በረዶውን እየበሱ ስር ያለውን ብርሃንና አልጌ ለኩ። በ2020 መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ብቅ ከማለቷ፣ በረዶውም ስኖውም (ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳ በረዶ) ላዩ ላይ እንዳለ፣ አልጌዎቹ መብዛት ጀምረው ተገኙ። በ2024 የወጣው ውጤት እንደሚለው እዛ ስር የነበረው ብርሃን እኛ ጅማ እኩለ ቀን ላይ ከምናገኘው በአስር ሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው። ሰው እንደዛ ያለውን ከሞላ ጎደል ጨለማ ነው ሚለው፣ አልጌው ቁርስ ነው ሚለው። ፎቶሲንተሲስ በቲዎሪ ከሚችለው ትንሹ የብርሃን መጠን አጠገብ ነው ይላሉ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልዎት፣ ብርሃን የሚከለክለው በዋናነት በረዶው አይደለም። በረዶ ብርሃን ያሳልፋል፣ የሚከለክለው ላዩ ላይ የተከመረው ስኖው ነው፣ አዲስ የጣለ ስኖው ካረፈበት ብርሃን 80 ከመቶውንና ከዛ በላይ ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። ነፋስ ስኖውን ጠርጎት ከሄደ ስሩ ያለው አልጌ ቀድሞ ይነሳል፣ አምስት ሜትር እልፍ ብሎ ስኖው ከተቆለለ እዛ ያለው ገና ነው። በዚህ ምክንያት የበረዶው ሆድ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ዥጉርጉር ነው። አብዛኛው አልጌ ደግሞ የሚገኘው ታችኛው ጫፍ ላይ ባሉት ጥቂት ሴንቲሜትሮች ነው፣ ለምን ቢሉ ብርሃኑ ከላይ ይመጣል ምግቡ ከታች ካለው ውሃ ይመጣል፣ ሁለቱም የሚገናኙበት ቦታ እሱ ስለሆነ።

በ2011 ደግሞ በአላስካና በሳይቤሪያ መሃል ያለው የቹክቺ ባህር ላይ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከ0.8 እስከ 1.3 ሜትር ውፍረት ባለው በረዶ ስር ውሃው ራሱ በአልጌ ጥቅጥቅ ብሎ አገኙት፣ ከበረዶው ጫፍ ወደ ውስጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ዘልቆ። እስከዛ ድረስ በረዶ ስር ያለው ውሃ እንደዛ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም፣ ሳተላይትም በረዶ ስር አያይም። አልጌው እዛ የበዛበት ምክንያት፣ በነሱ በጋ ስኖው ቀልጦ በረዶው ላይ የውሃ ኩሬ ይሰራል፣ ኩሬው ብርሃኑን ወደ ታች ያሳልፈዋል።

ቡናዎትን በተመለከተ፣ ቡና እንደዚህ ያለ ጨለማ አይችልም፣ አላወዳድረውም።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን ከረምክ። ጅሬን ነው ያለሁት። ልጄ ውጭ አገር ነው፣ ለሥራ ስቫልባርድ የሚባሉ የኖርዌይ ደሴቶች ሄዶ ፎቶ ላከልኝ። መርከቡ በረዶውን ሰብሮት ገልብጦት፣ ላዩ ነጭ ነው ሆዱ ግን ቡኒ፣ የተቆላ ቡና ውሃ የተደፋበት ነው የሚመስለው። ውሃቸው ተበክሎ ነው ወይ? ልጄ እዛ ውሃ እየጠጣ እንዳይሆን ብዬ ነው።

መልስ፦ እማማ፣ አይስጉ። ቆሻሻ አይደለም፣ እየተነጋገርንበት ያለው ነገር ራሱ ነው። ዳያቶም የሚባሉት አልጌዎች ናቸው፣ እንደ ተክል አረንጓዴው ክሎሮፊል አላቸው ግን ፉኮዛንቲን የሚባል ሌላ ቀለም ስለሚበዛባቸው ሲጠራቀሙ ቡኒ ወይ ወርቃማ ነው የሚመስሉት። እያንዳንዷ ሴል መስታወት ከሚሰራበት ከሲሊካ የተሰራ ቅርፊት አላት፣ በማይክሮስኮፕ ቢያይዋት ጥልፍ የሚሠራ ሰው የሠራት ነው የምትመስለው።

ልጅዎ ያየውን ያየው የመጀመሪያው ሰውም አይደለም። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጆሴፍ ሁከር የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ሀኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ኤረበስና ቴረር በሚባሉ ሁለት መርከቦች ጉዞ ወደ ደቡብ ዋልታ ሄዶ እንዲህ የቆሸሸ የሚመስል በረዶ አየ፣ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ሁሉም ዳያቶም ነው። በሰሜኑም ኖርዌጂያዊው ናንሰን ከ1893 ጀምሮ ፍራም የሚባል መርከቡን በረዶ ውስጥ አሳስሮ ሲንሳፈፍ የበረዶውን አልጌ እየሰበሰበ ሥዕሉን ይሥል ነበር።

ሁሉም ግን ቡኒ ስስ ሽፋን ብቻ አይደሉም። ሜሎሲራ አርክቲካ የሚባለው ዘለላ ዘለላ ሆኖ ከበረዶው ስር ሜትሮች ድረስ ይንጠለጠላል፣ እሱን በዓይን ማየት ይቻላል። በ2012 በረዶው በጣም በሳሳበት ዓመት፣ ቅድም ያነሳነው ፖላርስተርን መርከብ ላይ የነበሩ ሰዎች በሰሜን ዋልታ ባህር መሃል ካሜራ ወደ ታች ሲልኩ የዚሁ አልጌ ድብልብል ባህሩ ወለል ላይ፣ ወደ 4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ተበትኖ አገኙት። በረዶው ሲቀልጥ ተላቆ ወድቆ ነው። የባህር ዱባ የሚባሉት የወለል እንስሳት ድግስ ተደግሶላቸው ይበሉ ነበር።

የመጠጥ ውሃው ከሌላ ቦታ ነው ሚመጣው፣ ያን አያስቡ። ከበረዶው ጫፍ ግን ራቅ ብሎ ፎቶ ያንሳ በሉት፣ እዛ ነጭ ድብ አለ።

ጥያቄ፦ ሃይ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ሎጂኩን ስከተለው በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ስለዚህ ብርሃን ጨመረ፣ ስለዚህ አልጌ ጨመረ፣ ስለዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመጠጣል፣ ዓሣም ይበዛል። ታዲያ ለምንድነው ሰዉ ሁሉ ሚያለቅሰው? ዊን ዊን አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነሽ፣ ቁጥርም አለው። በ2020 የወጣ የሳተላይት ጥናት ከ1998 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በአርክቲክ (በሰሜን ዋልታ) ባህር ውስጥ አልጌዎች በዓመት የሚሰሩት ምርት 57 ከመቶ ጨምሯል ይላል። ትንሽ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ጭማሪው የመጣው በረዶ የሌለው ውሃ ስለሰፋና ወቅቱ ስለረዘመ ነው፣ በኋላ ላይ ግን አልጌው ራሱ በዛ፣ ምናልባት ምግብ ከሌላ ቦታ እየገባ ነው።

ሎጂክሽ የሚሰበረው ብርሃን ብቻ ይበቃል የሚለው ላይ ነው። ናይትሬት ይፈልጋሉ፣ ፎስፌት ይፈልጋሉ፣ ዳያቶሞቹ ለቅርፊታቸው ሲሊካ ይፈልጋሉ። ይሄ ሁሉ ያለው ጥልቁ ውሃ ውስጥ ነው፣ በብርዱ ወቅት ነፋስና ብርድ ባህሩን ሲያማስለው ወደ ላይ ይወጣል። በጋ ሲመጣ በረዶ ይቀልጥና ጨው የሌለው ቀላል ውሃ ከላይ ይነጠፋል፣ ከባዱ ጨዋማ ውሃ ከስር፣ ሁለቱ አይቀላቀሉም። አልጌው ከላይ ባለው ውሃ ውስጥ ያለውን ናይትሬት በሳምንታት ውስጥ ጨርሶ ቁጭ ይላል፣ ፀሐይ 24 ሰዓት እያለች! ብዙ በቀለጠ ቁጥር ክዳኑ ይወፍራል። በካናዳ በኩል ያለው የአርክቲክ ክፍል ላይ ውሃው ጨው እየቀነሰ ሲሄድ ትልልቆቹ አልጌዎች ቀንሰው ማይክሮሞናስን የመሰሉ ከሁሉም የሚያንሱት በዝተው ታይተዋል። አልጌው ሲያንስ ደግሞ ቶሎ አይሰምጥም፣ የሚበላውም ሌላ ነው፣ ዓሣው ጋ እስኪደርስ ብዙ እጅ ያልፋል፣ በየእጁ ይቆረጣል። ስለዚህ ቶኑ ቢጨምር እንኳን ያው ነገር አይደለም።

ሌላው ሰዓት ነው። በረዶው ውስጥ ያለው አልጌ በሚያዝያ ግንቦት ቀድሞ ይደርሳል፣ ውሃው ውስጥ ያለው ሳምንታት ቆይቶ ነው ሚመጣው። ካላነስ ግላሲያሊስ የምትባል የሩዝ ፍሬ የምታክል ቅባታም ፍጥረት አለች፣ የመጀመሪያውን በልታ እንቁላል ትጥላለች፣ ልጆቿ አድገው መብላት ሲጀምሩ ሁለተኛው ይደርስላቸዋል። የአርክቲክ ኮድ ዓሣ እሷን ይበላል፣ ወፉም ትልልቁ እንስሳም ዓሣውን። በረዶው ቀድሞ ሲሄድ ሁለቱ ድግሶች ይቀራረባሉ፣ ልጆቹ ሲደርሱ ሰሃኑ ታጥቧል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፣ ከጠቅላላው ቶን ይልቅ።

ደቡቡ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፣ እባክሽ አንድ ላይ አትደምሪያቸው። አንታርክቲካ ዙሪያ ናይትሬትና ፎስፌት ሞልቶ ይተርፋል፣ ግን አልጌው የሚጠበቀውን ያህል አይበዛም። ለምን እንደሆነ ለብዙ ጊዜ አከራካሪ ነበር፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጆን ማርቲን የሚባል አሜሪካዊ የውቅያኖስ ኬሚስት የጎደለው አይረን ነው አለ። አይረን ከመሬት አቧራ ነው ብዙው ሚመጣው፣ እዛ ደግሞ ዙሪያው ሁሉ ውሃና በረዶ ነው። ማርቲን በ1993 ሞተ፣ በ1999 ከአውስትራሊያ በስተደቡብ ባለው ባህር ላይ አይረን ተፈትቶ ሲደፋ ውሃው በአልጌ ተሞላ፣ ከሳምንታት በኋላም ሳተላይት ላይ ይታይ ነበር። ያን ጊዜ "አይረን እንድፋና ሙቀቱን እናቁም" የሚል ብዙ ተነሳ። እኔ አላምንበትም። አልጌው መብዛቱና ካርቦኑ ጥልቁ ውስጥ ገብቶ መቅረቱ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ብዙው እዛው ላይ ተበልቶ ተንፍሶ ወደ አየር ይመለሳል፣ ደግሞም ያን ሁሉ ባህር ነካክቶ የሚመጣውን ማን ይወስዳል? ኢንጂነር ስትሆኚ ይሄን ፕሮጀክት ካቀረቡልሽ አትፈርሚ።

ጥያቄ፦ እኔ ግልጽ ልናገር። የጅማ መንገድ ጉድጓድ ሞልቶት እናንተ ስለ ዋልታ በረዶ ትጽፋላችሁ። ምናችን ነው? የምንተነፍሰው ኦክስጅን ግማሹ ከባህር አልጌ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ እሱስ እውነት ነው? (ከአጂፕ ሰፈር)

መልስ፦ ስለ መንገዱ አልከራከርህም፣ በስልክ ከተማውን ጠይቅልን። የኦክስጅኑ ነገር ግማሽ እውነት ነው። በዓለም ላይ ከሚሰራው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉ የሚካሄደው ባህር ውስጥ ነው፣ ከጠቅላላው ውስጥ ዳያቶሞች ብቻ አንድ አምስተኛውን ያህል ይይዛሉ። ግን ባህር የሚሰራውን ኦክስጅን ከሞላ ጎደል እዛው ባህር ውስጥ ያሉት ሲተነፍሱና ሲበሰብሱ ይጨርሱታል። አሁን አጂፕ ቁጭ ብለህ የምትተነፍሰው በጣም በጣም ብዙ ዓመት ሲጠራቀም የኖረ ክምችት ነው። ስለዚህ ነገ የዋልታ አልጌ ሁሉ ቢጠፋ ትንፋሽ አያጥርህም፣ "ከሁለት ትንፋሽህ አንዱ የባህር ነው" እያሉ የሚለጥፉትን አትስማ። ያልቅብሃል የሚባል ነገር ካለ ዓሣው ነው። ደቡቡ ላይ የክሪል (ሽሪምፕ የሚመስሉ ትናንሽ የባህር ፍጥረታት) ጫጩቶች ብርዱን ወቅት የሚያልፉት የበረዶውን ሆድ እየጋጡ ነው፣ ክሪል ሲጠፋ ፔንግዊኑም ዓሣ ነባሪውም አብሮ ነው። ይሄም አይመለከተኝም ካልክ መብትህ ነው፣ ሌሎቹ ስለወደዱት ነው የጻፍነው።

ጥያቄ፦ ይበላል ወይ? ቦዬ (እዚህ ጅማ ያለው ረግረግ) ላይ ማርባት ይቻላል? (በአጭር መልእክት የመጣ፣ ስም የለውም)

መልስ፦ አይቻልም፣ ቦዬ ለነሱ የፈላ ውሃ ነው። ውሃ ውስጥ የሚረባ የሚበላ አልጌ ከፈለግክ ስፒሩሊና አለልህ፣ የሱ ወገን ሙቀትና ሶዳ ስለሚወድ እዚሁ አገራችን ጭቱ ሐይቅና ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ውስጥ ራሱን ችሎ ይበቅላል፣ የሐይቁ ቀለም የመጣውም ከሱ ነው። የዋልታዎቹን ሰው በቀጥታ አይበላቸውም፣ ቅባታቸው ግን ኦሜጋ 3 ስለሚበዛበት በዓሣው በኩል ዞሮ ሰው ሆድ ይገባል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ አስተምራለሁ። ማይክሮስኮፓችን ከተበላሸ ቆይቷል። የጨውና የበረዶውን ነገር ለልጆቹ በቤት ዕቃ ማሳየት የሚቻልበት መንገድ ካለ ብትጠቁሙኝ?

መልስ፦ መምህር፣ አለ፣ ርካሽም ነው። አንድ ሊትር ውሃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ልሙጥ ጨው ይፍቱበት፣ ወደ 35 ግራም ስለሚመጣ የባህር ያህል ይሆናል። ቀይስር ቀቅለው ውሃውን ጠብ ጠብ እያረጉ ያቅልሙት። ሌላ ሊትር ደግሞ ጨው ሳይገባበት እንዲሁ ያቅልሙ። ሁለቱንም በተመሳሳይ የፕላስቲክ ዕቃ አርገው ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ያሳድሯቸው፣ ማታውን መብራት ከሄደ ግን በማግስቱ ይድገሙት፣ ቀልጦ መልሶ የረጋ ውሃ ያሳስትዎታል። ጠዋት ሲያወጧቸው ጨው የሌለው ድርቅ ብሎ ድንጋይ ሆኗል። ጨዋማው ግን ዲፕ ፍሪዙ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ቢሆን እንኳን ሙሉ በሙሉ አይረጋም፣ በሚስማር ሲወጉት ይበሳል፣ ቀለሙም በየመሃሉ ተሰብስቧል። ከዛ ከዕቃው አውጥተው ወንፊት ላይ ያስቀምጡትና ስሩ ብርጭቆ ይደቅኑ። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው በጣም የቀላውና በጣም ጨዋማው ነው፣ ልጆቹ በጣታቸው ጫፍ ይቅመሱት። ከግማሽ በላይ ከቀለጠ በኋላ ወንፊቱ ላይ ከቀረው በረዶ ደግሞ ያስቀምሷቸው፣ ነጣ ያለ ነው፣ ጨውም ብዙ የለበትም። ብርጭቆው ውስጥ ያለውን መልሰው ዲፕ ፍሪዝ ቢከቱት አልረጋም ብሎ ያስቸግራል፣ ጊዜ ካለዎት እሱንም ያሳዩዋቸው።